የአባ ጎርጎርዮስና የኢዮብ ሉዶልፍ ዘመን፤ የሰውን ዕድሜና ጉዞ በዓመት ተራ ስለ ማስተማር

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ በተማሪ ቤት ሲነገር ብዙ ጊዜ «በቀድሞ ዘመን አንድ ሊቅ ነበረ» ተብሎ ይጀመራል። ልጆቹም በደስታ ይሰሙታል። ነገር ግን ያ ሊቅ በማን መንግሥት እንደ ኖረ፤ ከአገሩ በምን ምክንያት እንደ ወጣ፤ ስሙ የተጠራበትም መጽሐፍ እሱ በሕይወቱ ሳለ ወይም ከሞተ በኋላ እንደ ታተመ ቢጠየቁ የሚመልሱት አያገኙም። ይህም ጕድለት ትንሽ መስሎ ይታያል እንጂ ትንሽ አይደለም፤ ዓመቱ ያልታወቀ እንደ ሆነ የማን ዕውቀት ከማን እንደ ተገኘ መለየት አይቻልምና፤ የአንዱም ድካም በሌላው ስም ሲጠራ ይኖራል። የአባ ጎርጎርዮስ ነገር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኤውሮጳ በቀድሞ ዘመን ስለ ኢትዮጵያና ስለ አማርኛ ቋንቋ የተጻፈው ሲወሳ የጀርመኑ ሊቅ የኢዮብ ሉዶልፍ ስም ይጠራል፤ የመምህሩ ስም ግን አልፎ አልፎ ብቻ ይነሣል። የሁለቱን ዕድሜና ጉዞ በዓመት ተራ ጐን ለጐን ያስቀመጠ ሰው ነገሩን ራሱ ያየዋል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት፤ ሌላ ካልተባለ በቀር፤ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አባ ጎርጎርዮስ የአማራ ሰው ናቸው፤ አገራቸውም መካነ ሥላሴ ነው። በዚያ ስፍራ ዐፄ ናዖድ አስጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ በ1531 ዓመት የግራኝ ሠራዊት አቃጠለው። ጎርጎርዮስ ለዐቅመ ትምህርት በደረሱበት ጊዜ በዙፋኑ ላይ የነበሩት ዐፄ ሱስንዮስ ናቸው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ አገሩም በዚህ ምክንያት በብዙ ደም ታመሰ፤ በ1632 ንጉሡ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ። ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ አባ ጎርጎርዮስም ከነዚያ ጋራ ኅብረት ስለ ነበራቸው በአገራቸው ተቀምጠው ሊኖሩ አልቻሉም። ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ቢያጠቍሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ሆኖም አስተማሪው ነገሩን ዘሎ ሊያልፈው አይገባም፤ የስደቱ ምክንያት ይህ ነውና፤ ምክንያቱ ከተቀረ ሰውዬው ያለ ነገር ባሕር የተሻገረ ተቅበዝባዥ ይመስላል።

ኢዮብ ሉዶልፍ የተወለደው በ1624 ዓመት ኤርፉርት በሚባል የጀርመን ከተማ ነው። ይኸውም ሠላሳ ዓመት የቈየው የጀርመን አገር ጦርነት በጀመረ በስድስተኛው ዓመት ነው። ሉዶልፍ ልጅነቱንና ጕልምስናውን በጦርነት መካከል አሳልፎ፤ በኤርፉርትና በሆላንድ አገር በላይደን ሕግና ቋንቋ ተማረ። ግዕዝንም በመጽሐፍ ብቻ ጀመረ። በዚያ ዘመን በኤውሮጳ የታተመ የግዕዝ መጽሐፍ በጣት የሚቈጠር ነበር፤ በ1513 ሮማ ላይ የታተመው መዝሙረ ዳዊትና አባ ተስፋ ጽዮን የሚባሉት ኢትዮጵያዊ መነኵሴ በ1548ና በ1549 በዚያው ከተማ ያሳተሙት ሐዲስ ኪዳን ዋናዎቹ ናቸው። ጦርነቱ በ1648 በዕርቅ አለቀ፤ በማግሥቱ ዓመት፤ በ1649፤ ሉዶልፍ ሮማ ገባ። የሄደው ግን ግዕዝ ሊማር አይደለም። በፓሪስ የነበረው የስዊድን መልእክተኛ አሮጌ ወረቀቶች እንዲፈልግ ልኮት ነው። ሰው ለአንድ ነገር ተልኮ ሌላ የሚበልጥ ነገር ማግኘቱ በታሪክ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነው።

በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ለኢትዮጵያውያን መነኰሳትና ነጋድያን ማረፊያ ሆኖ ከጥንት ጀምሮ የተሰጠ ስፍራ ነው። ሉዶልፍ ኢትዮጵያውያን በዚያ መኖራቸውን ሰምቶ ሄደ፤ አራት ሰዎችም አገኘ፤ ከነርሱ አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። እንግዳው በጀርመን አገር ሆኖ ግዕዝን ከመጽሐፍ ተማርሁ ቢላቸው ተደነቁ፤ ሲያነብ ሰምተው ሳቁ፤ ያነበበውን ሲተረጕም ግን እንደ ገና ተደነቁ። መሳቃቸው አይፈረድበትም፤ ድምፁን ከሰው አፍ ያልሰማ ሰው ጠንና ቀን፤ ጸንና ጰን እንዴት አድርጎ ይጠራቸዋል? ከዚያች ቀን በኋላ ሉዶልፍ የ25 ዓመት ጕልማሳ ሳለ በዕድሜ ከሚበልጡት መነኵሴ እግር ሥር ተቀመጠ። ሁለቱ ደህና አድርገው የሚግባቡበት ሌላ ቋንቋ ስላልነበራቸው ብዙውን ነገር የተነጋገሩት በግዕዝ ነው። ግዕዝ ደግሞ ለአባ ጎርጎርዮስ የመጽሐፍና የጸሎት ቋንቋ ነው እንጂ ስለ ምግብና ስለ መንገድ የሚጫወቱበት አልነበረም። ከተለያዩም በኋላ የተላላኩት ደብዳቤ በግዕዝ ተጽፎ ተገኝቷል።

ሉዶልፍ ከሮማ ወደ ስዊድን ሄዶ፤ ከዚያም ወደ ጎታ መጥቶ በመስፍን ኤርንስት ቤት አገልጋይ ሆነ፤ የመስፍኑንም ልጆች ያስተምር ነበር። እኒህ መስፍን ለመንደር አስተማሪዎች የተለየ ነገር አላቸው፤ በ1642 ባወጡት የትምህርት ሥርዐት በግዛታቸው ያለ ልጅ ሁሉ፤ የገበሬውም ልጅ፤ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ተማሪ ቤት እንዲገባ አዝዘዋል። አገሩ ገና በጦርነት እየነደደ ሳለ ይህን ማሰባቸው ያስመሰግናቸዋል። መስፍኑ ስለ ኢትዮጵያ ከሉዶልፍ በሰሙ ጊዜ አባ ጎርጎርዮስ እንዲጠሩላቸው ወደዱ፤ እሳቸውም በ1652 ዓመት ከሮማ ተነሥተው፤ ታላቁን የአልፕስ ተራራ ተሻግረው፤ ጀርመን አገር ገቡ። በዚያው ዓመት ከበጋው መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር ከመስፍኑ ዘንድ ተቀመጡ። መስፍኑና ሊቃውንቱ ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፤ ስለ ነገሥታቱ፤ ስለ አገሩ ልማድ ይጠይቋቸው ነበር፤ እሳቸውም ይመልሱ ነበር፤ ጥያቄውና መልሱም በጽሕፈት ተያዘ።

እዚህ ላይ የዓመቱን ተራ የሚሠራ አስተማሪ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ዐሥራ ሦስተኛ በ1582 የቀኑን አቈጣጠር አድሰው ዐሥር ቀን ዘለሉ። ሮማ ይህን አዲሱን አቈጣጠር ያዘች፤ ጎታ ግን ከሉተር ወገን ስለ ነበረች አልተቀበለችውም፤ የጀርመን የሉተር ወገኖች ወደ አዲሱ የገቡት በ1700 ነው። ስለዚህ በ1652 ዓመት በሮማ ጁን 1 ቀን ሲባል፤ ያው ቀን በጎታ ሜይ 22 ነበረ። የሁለቱን ከተማ ጽሕፈት ሳይለይ የሚቈጥር ሰው መንገደኛው ሳይነሣ የደረሰ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል። ይልቁንም የሚያስገርመው ነገር ጎታ የያዘችው አሮጌው አቈጣጠር ከኢትዮጵያ አቈጣጠር ጋራ እኩል የሚሄድ መሆኑ ነው። በጎታ ዲሴምበር 25 ቀን ልደት ሲከበር በኢትዮጵያ ታኅሣሥ 29 ነው፤ አንድ ቀን ነው። በሮማ ግን ልደት ዐሥር ቀን ቀድሞ አልፏል። ስደተኛው መነኵሴ የአገራቸውን የዘመን ሥርዐት ሃይማኖቷን በተጠጉባት ከተማ አጥተው፤ በማያውቁት በሰሜን አገር አገኙት።

በጎታ ሳሉ አዲስ ዓመት ገባ። መስከረም 1 ቀን 1645 ዓመተ ምሕረት፤ ይኸውም 7145 ዓመተ ዓለም፤ ዘመነ ማቴዎስ፤ በጎታ አቈጣጠር ኦገስት 29 ቀን 1652፤ በሮማ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን ነው። ዛሬ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11፤ ከዘመነ ሉቃስ በኋላ ባለው ዓመት በ12፤ መዋሉ ልዩነቱ ከዐሥር ቀን ወደ ዐሥራ ሦስት ስለ ከፍ አለ ነው፤ የኤውሮጳው አቈጣጠር በ1700፤ በ1800ና በ1900 ዓመት ስድስተኛዋን ጳጕሜን የምትመስለውን ትርፍ ቀን አስቀርቷልና። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሽማግሌ በመንደሩ ካለ ይህን ሒሳብ ከአስተማሪው ይልቅ ፈጥኖ ያወጣዋል፤ መጥራትም ይገባል።

የኤውሮጳውን ዓመት ወደ ዓመተ ምሕረት ለመለወጥ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው 7፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጕሜን መጨረሻ ላለው 8 ይቀነሳል። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱም ይጻፋል፤ ሉዶልፍ ሮማ የገባበት 1649 በዓመተ ምሕረት 1641 ወይም 1642 ነው ማለት ነው። ወሩን ሳይጠይቁ ሁልጊዜ 7 ወይም ሁልጊዜ 8 መቀነስ በመጻሕፍት ሁሉ የተለመደ ስሕተት ነው፤ የነገሥታትም ዘመን በአንድ ዓመት የሚለያየው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ ከጎታ ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። ልባቸው ወደ አገራቸው ነበረ፤ ነገር ግን ዐፄ ፋሲለደስ የሮማ ሃይማኖት ሰዎች እንዳይገቡ በምጽዋና በሱዋኪን ከነበሩት የቱርክ ሹማምንት ጋራ ተስማምተው መንገዱን ዘግተው ነበር። በ1658 ዓመት በባሕር ሲጓዙ በሶርያ ጠረፍ በእስክንድሩን አጠገብ መርከቡ ሰጠመ፤ እሳቸውም በዚያ ሞቱ። ከመካነ ሥላሴ የተጀመረው መንገድ በባሕር ላይ ተፈጸመ። ሉዶልፍ በዚያን ጊዜ የ34 ዓመት ሰው ነበረ፤ ስለ ኢትዮጵያም ገና አንድ ዋና መጽሐፍ አላሳተመም።

አሁን ዓመቱን ወደ ፊት መቍጠር ይገባል። በ1661፤ መነኵሴው በሞቱ በ3ኛው ዓመት፤ የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በሎንዶን ታተመ። ማተሙን የተቈጣጠረው ቫንስሌብ የተባለ ሰው ስለ አበላሸበት ሉዶልፍ እጅግ አዘነ፤ በኋላም መዝገበ ቃላቱን በ1699፤ ሰዋስውን በ1702 አርሞ በፍራንክፈርት አሳተመ። ይኸው ቫንስሌብ በ1663 ከመስፍን ኤርንስት ወደ ኢትዮጵያ ተልኮ ነበር፤ ከግብጽ ግን አላለፈም። በ1681፤ ከሞቱ በ23ኛው ዓመት፤ በላቲን የተጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ ወጣ፤ በጎንደር የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ነበሩ። በ1691 የዚሁ መጽሐፍ ሐተታ ተከተለ። በ1698፤ ከሞቱ በ40ኛው ዓመት፤ በዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ዘመን፤ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት ታተመ። ሉዶልፍ በ1704፤ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፤ በዚያችው ከተማ ሞተ።

ከዚህ ተራ የሚወጣው ነገር ግልጥ ነው። የሉዶልፍ እግር የረገጣቸው ከተሞች ላይደን፤ ፓሪስ፤ ሮማ፤ ስቶክሆልም፤ ጎታ፤ ሎንዶንና ፍራንክፈርት ናቸው፤ ኢትዮጵያን አንድ ቀን አላያትም። በ1513ና በ1549 የታተሙት መጻሕፍት ግዕዝ ናቸው እንጂ አማርኛ አይደሉም። እንግዲህ በ1698 የታተመው አማርኛ ከማን አፍ ወጣ? ዋናው ክፍል የተገኘው ከ1649 እስከ 1658 ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ፤ በቃልም በደብዳቤም፤ ከአንድ የአማራ መነኵሴ ነው። ነገር ግን በዚህ ተነሥቶ የሉዶልፍ ዕውቀት ሁሉ የአባ ጎርጎርዮስ ነው ማለት ሌላ ስሕተት ነው፤ የፖርቱጋሉ ኢየሱሳዊ ባልታዛር ቴሌዝ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ በ1660 ታትሟል፤ መነኵሴው ከሞቱ በኋላ፤ የሉዶልፍም ታሪክ ከመውጣቱ በፊት ማለት ነው፤ ሉዶልፍም ከርሱ ብዙ ወስዷል። መምህሩን የካደም ሉዶልፍ አይደለም። ስማቸውን በመጽሐፉ ደጋግሞ ጠርቷል፤ በ1691ም ሐተታ ሥዕላቸውን አሳትሟል። ስሙን ያስቀሩት ከርሱ በኋላ አሳጥረው የጻፉት ሰዎች ናቸው።

በክፍል ውስጥ ለማስተማር ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ረዣዥም መሥመር በጠመኔ ይሰመራል፤ በላይኛው ከዐፄ ሱስንዮስ እስከ ዐፄ ኢያሱ ያሉት ነገሥታት፤ በመካከለኛው አባ ጎርጎርዮስ፤ በታችኛው ሉዶልፍ ይጻፋሉ። የመካከለኛው መሥመር በ1658 ሲቆም የታችኛው ገና 46 ዓመት ይሄዳል፤ ልጆቹም ይህን በዓይናቸው ሲያዩ ቃል አያስፈልጋቸውም። ቀጥሎ እያንዳንዱ ልጅ ከአያቱ ወይም ከመንደሩ ሽማግሌ አንዱን መርጦ፤ የተወለዱበትን ዘመን በወንጌላዊው ስም፤ የሄዱበትንም አገር በየዓመቱ ጠይቆ እንዲጽፍ ይታዘዛል። ዓመቱን የማያስታውሱ እንደ ሆነ ረኃቡን፤ ዘመቻውን ወይም ንጉሡ የነገሠበትን ጊዜ አስታኮ ይጠይቃል። የተጻፈውም ለሽማግሌው ተነቦላቸው፤ ይህ ትክክል ነው፤ ይህ ግን በዘመነ ማርቆስ ነው እንጂ በዘመነ ሉቃስ አይደለም እያሉ ካረሙት በኋላ በተማሪ ቤቱ ይቀመጣል።