«የክረምት ጎማ» ለየትኛው ክረምት? በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ለትንሽ አውቶሞቢል የሚስማማ ጎማና ቸርኬ ስለመምረጥ

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ ከወልድያ እስከ መርሳና በሀብሩ ወረዳ ውስጥ ለሚንቀሳቀሱ ትናንሽ አውቶሞቢሎች ጎማና ቸርኬ የሚመረጥበትን መስፈርት ይመረምራል። ለማሳያነት የተወሰደው በአገራችን በብዛት የሚታየው ቶዮታ ቪትዝ ነው። ትንተናው በስሌትና በታወቁ የምሕንድስና መርሖዎች ላይ የተመሠረተ ሲሆን ሦስት ነጥቦችን ያስረዳል። አንደኛ፣ ለበረዷማ አገሮች የተሠራው «የክረምት ጎማ» ለእኛ ክረምት አይስማማም። ሁለተኛ፣ ቸርኬ በብሎኖቹ ቀዳዳ ገባ ማለት ከመኪናው ጋር ተስማማ ማለት አይደለም። ሦስተኛ፣ በጎማ ዲያሜትር ላይ የሚደረግ ጭማሪ በዳገትና በቁልቁለት ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ።

1. መግቢያ

በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ተጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የሁለቱ ድምር ውጤት ግልጽ ነው፤ ዛሬ በእጃችን ያሉት ትናንሽ የቤንዚን መኪኖች ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ ያገለግላሉ። መኪናው ባረጀ ቁጥር ባለቤቱ ደጋግሞ የሚወስነው ውሳኔ ደግሞ የጎማና የቸርኬ ምርጫ ነው። ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በዋጋ፣ በመልክና በተገኘው ሁሉ ነው። ይሁን እንጂ መኪናው ከመንገዱ ጋር የሚገናኘው ከሰው መዳፍ ብዙም በማይበልጡ አራት የጎማ ገጾች ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ ስሕተቱ የሚታየው በገበያ ላይ ሳይሆን በዝናብ ቀን በኩርባ ላይ ነው።

2. የአካባቢው ጠባይ

ወልድያ ወደ 2,000 ሜትር፣ መርሳ ደግሞ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቐለ የሚዘልቀው አስፋልት ነው። በመካከላቸው በምትገኘው ሲሪንቃ የዓመቱ አማካይ ዝቅተኛ ሙቀት ወደ 13 ዲግሪ፣ አማካይ ከፍተኛው ወደ 26 እና 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ሀብሩ የገጠር ቀበሌዎች የሚሄድ አሽከርካሪ ኮረት፣ ጭቃና የወንዝ መሻገሪያ ያጋጥመዋል። ከወልድያ ወደ ምዕራብ የሚነሣው መንገድ ደግሞ በድልብ በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ደጋ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ጎማ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሞቃት አስፋልትን፣ እርጥብ ኮብልስቶንን፣ ሹል ድንጋይንና ረጅም ቁልቁለትን ሊያስተናግድ ይገደዳል።

3. የሁለቱ ክረምቶች ልዩነት

በአውሮፓ ለክረምት የሚሠራ ጎማ መለያው በጎኑ ላይ የታተመው ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት የያዘው ምልክት ነው። የጎማው ውሁድ በቅዝቃዜ እንዳይደርቅ ሆን ተብሎ ለስላሳ ይደረጋል፤ ገጹም በረዶን እንዲቆነጥጥ በብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች ይከፋፈላል። ብዙውን ጊዜ የሙቀት መጠኑ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ይህ ጎማ ከተራው ጎማ ይበልጣል ይባላል።

የእኛ ክረምት ግን ሌላ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ወቅት ዝናባማ እንጂ በረዷማ አይደለም፤ በቀን ያለው ሙቀትም ከ7 ዲግሪ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ብርዱ የሚበረታው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሲሆን ያን ጊዜ መንገዱ በአመዛኙ ደረቅ ነው። በአጭሩ፣ የእነርሱ ክረምት ብርድንና እርጥበትን አንድ ላይ ያመጣል፤ የእኛ ዝናብና የእኛ ብርድ ግን በተለያየ ወራት ይመጣሉ። «ክረምት» የሚለው አንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ወቅቶችን ስለሚሸፍን፣ «የክረምት ጎማ ነው፤ ለዝናብ ጥሩ ነው» የሚለው ምክር በቃል ትርጉም ትክክል መስሎ በምሕንድስና ስሕተት ይሆናል።

ለስላሳው ጎማ በሞቃት አስፋልት ላይ ሁለት ጉዳት አለው። የገጹ ቁራጮች በፍሬን ጊዜ ስለሚተጣጠፉ የመቆሚያው ርቀት ይረዝማል፤ ይህም በሞቃትና እርጥብ መንገድ ላይ ጭምር ነው። በተጨማሪም ቶሎ ይበላል። ከበረዷማ አገር ያገለገለ መኪና ወይም ጎማ የገዛ ሰው የተራራውን ምልክት መፈለግ ያለበት ለዚህ ነው። «ኤም እና ኤስ» የሚሉት ፊደላት ግን ጭቃንና በረዶን የሚያመለክቱ ቢሆኑም የገጹን ቅርጽ እንጂ የተፈተነ የበረዶ ብቃትን አያረጋግጡም።

በአካባቢው ለሚነዳ ሰው የሚበጀው ውኃን በሰፋፊ ቦዮች የሚያስወጣ ተራ የመንገድ ጎማ ነው። የአውሮፓ ኅብረት መለያ ወረቀት የተለጠፈበት ጎማ ከተገኘ በእርጥብ መንገድ ላይ የመቆንጠጥ ብቃቱ ከ«ኤ» እስከ «ኢ» ባለው ደረጃ ተጽፎ ይገኛል፤ «ኤ» ከሁሉ የተሻለው ነው።

4. ውኃ፣ የአየር ግፊትና የገጽ ጥልቀት

ጎማ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍበትን ፍጥነት ለመገመት ከአውሮፕላን ጎማዎች ጥናት የተገኘ የታወቀ ቀመር አለ፤

ፍጥነት (በሰዓት ኪ.ሜ.) = 6.35 × √ግፊት (በኪሎ ፓስካል)

ግፊቱ 220 ኪሎ ፓስካል (32 ፒ ኤስ አይ ገደማ) ሲሆን ውጤቱ ወደ 94 ኪ.ሜ. በሰዓት ነው። ግፊቱ ወደ 160 ኪሎ ፓስካል ቢወርድ ግን ወደ 80 ይቀንሳል። ቀመሩ የሚሠራው የውኃው ጥልቀት ከጎማው ቦዮች አቅም በላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ ቦዩ በተበላ ቁጥር አደጋው በትንሽ ውኃ ይጀምራል። በቦዩ ውስጥ ያለው ከፍታ ያለው ምልክት 1.6 ሚ.ሜ. ሲቀር ከገጹ ጋር እኩል ይሆናል፤ ለዝናብ ወቅት ግን 3 ሚ.ሜ. ላይ መለወጥ ይመከራል። በጭቃ ወይም በአሸዋ ለመውጣት አየር ያስተነፈሰ አሽከርካሪ አስፋልት ላይ ሲደርስ ሳይነፋ በዝናብ ቢፈጥን ራሱን ለመንሳፈፍ እንደሚያጋልጥ ከስሌቱ መረዳት ይቻላል።

ከፍታስ ግፊቱን ይለውጣል ወይ? ከወልድያ 1,000 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ የውጪው አየር ግፊት ከ79.5 ወደ 70 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሚወርድ በመለኪያው ላይ የሚነበበው የጎማ ግፊት በ9 ኪሎ ፓስካል ያህል መጨመር ነበረበት። ነገር ግን ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ሲቀንስ በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት በ7 ኪሎ ፓስካል ያህል ይወርዳል። ሁለቱ ተጣፍተው የሚቀረው ጭማሪ 3 ኪሎ ፓስካል እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ለከፍታ ተብሎ አየር መቀነስ አስፈላጊ አይደለም፤ አስፈላጊው መኪናው ከመነዳቱ በፊት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ መለካት ነው።

5. የመጠን ምርጫ

የሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ ባለ 14 ኢንች ጎማ 165/70 አር 14 ነው። ቁጥሩ ሲነበብ ስፋቱ 165 ሚ.ሜ.፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ የቸርኬው ዲያሜትር 14 ኢንች ማለት ነው። ጠቅላላ ዲያሜትሩ 14 × 25.4 + 2 × 115.5 = 586.6 ሚ.ሜ. ይሆናል። በተመሳሳይ ስሌት ሌሎቹን እናነጻጽር፤

• 175/65 አር 14፦ 583.1 ሚ.ሜ. (0.6 በመቶ ያነሰ)
• 175/70 አር 14፦ 600.6 ሚ.ሜ. (2.4 በመቶ የበለጠ)
• 195/50 አር 16፦ 601.4 ሚ.ሜ. (2.5 በመቶ የበለጠ)
• 185/70 አር 14፦ 614.6 ሚ.ሜ. (4.8 በመቶ የበለጠ)
• 195/65 አር 15፦ 634.5 ሚ.ሜ. (8.2 በመቶ የበለጠ)

በተለምዶ የሚሠራበት ገደብ ከ3 በመቶ ያልበለጠ ልዩነት ነው። በዚህ መሠረት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይወድቃሉ። የመጨረሻው ከተገጠመ የፍጥነት መለኪያው 80 ሲያሳይ የነበረው ትክክለኛ ፍጥነት ወደ 86.5 ከፍ ይላል።

ከመሬት ከፍ ለማለት ሲባል ትልቅ ጎማ መግጠም የተለመደ ፍላጎት ነው። ትርፉ ግን የዲያሜትሩ ልዩነት ግማሽ ብቻ ነው፤ 175/70 አር 14 የሚጨምረው 7 ሚ.ሜ. ነው። ኪሳራው ደግሞ በዳገት ይታያል። በ2,000 ሜትር ላይ የአየር እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው 82 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው የአንድ ሊትር ሞተር አቅሙን ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ያጣል። ትልቅ ጎማ በዚህ ላይ የጉተታውን ኃይል በዲያሜትሩ መጠን ይቀንሳል። በቁልቁለትም የሞተሩ የመያዝ ኃይል በዚያው መጠን ስለሚቀንስ ሸክሙ ወደ ፍሬን ይዞራል። ከድልብ ወደ ወልድያ ለሚወርድ መኪና ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በሌላ በኩል የፈጣኑ ቪትዝ አር ኤስ ጎማ 195/50 አር 16 በዲያሜትር ቢፈቀድም የጎኑ ቁመት 97.5 ሚ.ሜ. ብቻ ነው፤ ከ115.5ቱ ጋር ሲነጻጸር 18 ሚ.ሜ. ያነሰ ትራስ አለው። በለስላሳ አስፋልት ኩርባን አጥብቆ ይይዛል፤ በጉድጓድና በሹል ድንጋይ ላይ ግን ቸርኬው ቶሎ ይመታል፣ የጎማው ጎንም ይቆረጣል። አር ኤስ ያለው ሰው ለሀብሩ መንገድ ወደ ትንሽ ቸርኬ ልውረድ ካለ፣ መጀመሪያ ቸርኬው የፊት ፍሬኑን ሳይነካ መዞሩን በእጅ አዙሮ ማረጋገጥ አለበት።

6. «ገባ» እና «ተስማማ»

የቸርኬ ተስማሚነት ቢያንስ አራት መለኪያዎች አሉት፤ የብሎን ብዛትና ክበብ፣ የመሐል ቀዳዳ፣ ኦፍሴትና የዳዶ መቀመጫ። ቪትዝ አራት ብሎን በ100 ሚ.ሜ. ክበብ፣ 54.1 ሚ.ሜ. የመሐል ቀዳዳና 12 ሚ.ሜ. ውፍረት ከ1.5 ጥርስ ጋር ያለው ብሎን አለው። የሆንዳ ፊት ቸርኬም አራት ብሎን በ100 ሚ.ሜ. ክበብ ነው፤ የብሎኑም ጥርስ አንድ ነው። ስለዚህ በቪትዝ ላይ ያለ ችግር ይገባል።

ሆኖም የሆንዳው የመሐል ቀዳዳ 56.1 ሚ.ሜ. ስለሆነ በሞዞው ዙሪያ 1 ሚ.ሜ. ክፍተት ይቀራል፤ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ከሌለ ቸርኬው መሐሉን ስቶ ሊታሰርና በፍጥነት ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የባሰው የዳዶው ጉዳይ ነው። የሆንዳ ፋብሪካ ቸርኬ መቀመጫ እንደ ኳስ ክብ ሲሆን በቶዮታ ላይ የተለመደው የሾለ ዳዶ ነው። የሾለ ዳዶ በክብ መቀመጫ ላይ የሚያርፈው በቀጭን መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ጠብቆ የታሰረ መስሎ በመንገድ ይላላል። መፍትሔው ከቸርኬው መቀመጫ ጋር የሚገጥም ዳዶ መጠቀምና ከ50 እስከ 100 ኪ.ሜ. ከተነዳ በኋላ ጥብቀቱን ደግሞ ማረጋገጥ ነው።

ኦፍሴት የቸርኬው መሐል መስመር ከሞዞው ገጽ ያለውን ርቀት ይገልጻል። ለምሳሌ 5 ኢንች ስፋትና 39 ሚ.ሜ. ኦፍሴት ያለውን ቸርኬ በ6 ኢንችና በ30 ሚ.ሜ. ብንለውጠው የውጭው ጠርዝ 21.7 ሚ.ሜ. ወደ ውጭ ይወጣል፤ የውስጡም 3.7 ሚ.ሜ. ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚህ የተነሣ ጎማው ፓራፋንጎን ሊነካ፣ መሪው ሊከብድና ኩሽኔታው ያለ ዕድሜው ሊጎዳ ይችላል።

7. ዕድሜና ጭነት

በጎማው ጎን «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ በኋላ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 2319 ማለት የ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው። ገጹ ያልተበላ ጎማ በመጋዘን ወይም በፀሐይ ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ይህ ቁጥር ከጥልቀቱ ጋር አብሮ መነበብ አለበት። የጭነት ቁጥር 81 የሆነ ጎማ 462 ኪሎ ግራም፣ 75 የሆነው ግን 387 ብቻ ይሸከማል። በአራት ጎማ ልዩነቱ 300 ኪሎ ግራም ነው። በባትሪያቸው ምክንያት የሚከብዱት የኤሌክትሪክ መኪኖች ወደ አካባቢው በገቡ ቁጥር ይህ ቁጥር የበለጠ ትኩረት ይሻል።

8. ማጠቃለያ

ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ መንገዶች ተስማሚ የሆነው በፋብሪካው መጠን ወይም እስከ 3 በመቶ ልዩነት ውስጥ ያለ፣ ጎኑ ከፍ ያለ፣ በእርጥብ መንገድ የመቆንጠጥ ብቃቱ የተመሰከረለትና የተራራና የበረዶ ምልክት የሌለው ጎማ ነው። ቸርኬው በአራቱም መለኪያዎች መስማማት አለበት፤ ከአራቱ አንዱ ከጎደለና ማስተካከያ ካልተደረገለት ርካሽነቱ ትርፍ አይባልም።

ለቀጣይ ጥናት ሁለት ጥያቄዎችን እንጠቁማለን። በወልድያ ከተማ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ተራና የበረዶ ጎማዎች የሚቆሙበትን ርቀት በተግባር መለካት የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው በጎሚስታ ቤቶች የሚጣሉ ጎማዎችን የጉዳት ዓይነት ከመጠናቸው ጋር አዛምዶ መመዝገብ ነው። ሁለቱም ብዙ ወጪ ሳይጠይቁ በተመራቂ ተማሪዎች ሊከናወኑ ይችላሉ፤ ውጤታቸውም እዚህ በስሌት የቀረበውን በመንገዱ ላይ ይፈትነዋል።