ጥጃ እንገሩን በጊዜው ይጥባ

ገበሬ ሆይ! ጥጃ ሲወለድ በሽታን የሚከላከል ኃይል በደሙ ውስጥ የለውም ማለት ይቻላል፤ የላም እንግዴ ልጅ ይህን ኃይል ወደ ሽሉ አያሳልፍምና። የሚያገኘው ከእናቱ እንገር ነው።

የጥጃው አንጀት ግን ይህን መከላከያ ወደ ደም የሚያሳልፈው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ከሰዓት ወደ ሰዓት እየቀነሰ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ስለዚህ በተወለደ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ ቢዘገይም 6 ሰዓት ሳያልፈው ይጥባ። መቆም ቢያቅተው አልበህ በንጹሕ ጡጦ አጠጣው። 25 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ 2 ሊትር ተኩል ያህል ይበቃዋል። «ተቅማጥ ያመጣበታል» ብለህ አትከልክለው፤ ለቤተሰብም የሚቀመሰው ጥጃው ከጠገበ በኋላ ይሁን።

ከእናቱ ያገኘው መከላከያ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይደክማል፤ የራሱ ደግሞ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። በመካከሉ ያለው ጊዜ አደገኛ ነውና ማደሪያውን ደረቅና ንጹሕ አድርግ። ክትባትም ያለ ዕድሜው ቢሰጥ የእናቱ መከላከያ ሊያከሽፈው ይችላል፤ ጊዜውን የእንስሳት ሐኪም ጠይቅ።

የልማት ሠራተኛም ጥጃ ተወለደ ሲባል አስቀድሞ የሚጠይቀው «በስንት ሰዓቱ ጠባ?» ብሎ ይሁን።