ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐ ቤቴ ደጋ ፈረስ የውጭ ድንጉላ ያስፈልገዋልን?

በሰሜን ሸዋ ደጋ ከሚገኙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደጋግመው ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ የሚከተለው ነው። በዓለም አቀፍ ውድድር መሰናክል ሲዘል በቴሌቪዥን የምናየው ግዙፍ የአውሮፓ ፈረስ ድንጉላው መጥቶልን ባዝራዎቻችንን ብናስጠቃ፣ የፈረሳችን ቁመናና ዋጋ ከፍ አይልም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘብ ከመዋጣቱ በፊት የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት አባላት እንዲወያዩበት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ያ ፈረስ በአውሮፓ «ሞቃት ደም» በመባል ይታወቃል። ስሙ የደሙን ሙቀት አይመለከትም፤ የማንኛውም ጤነኛ ፈረስ የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ገደማ ነው። ረጋ ያለውን የከባድ ጭነት ፈረስ «ቀዝቃዛ ደም»፣ የዓረብንና የእንግሊዝን የእሽቅድምድም ፈረስ «ትኩስ ደም» ስለሚሉ፣ ከሁለቱ ተዳቅሎ በመካከል የቆመውን ለመለየት የተሰጠ ስም ነው። ከነዚህ ዝርያዎች ስመ ጥር የሆነው የጀርመኑ ሀኖቨር ነው። የእንግሊዝ ንጉሥና የሀኖቨር ገዥ የነበረው ዳግማዊ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ1735 ጼሌ በተባለች ከተማ የድንጉላ ማርቢያ አቋቋመ። ድንጉላዎቹ የመንግሥት ሲሆኑ ባዝራዎቹ ግን የገበሬው ነበሩ። በጥቂው ወራት ድንጉላዎቹ ወደየመንደሩ ይላኩ ነበር። የዝርያው መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1888 ተከፈተ። ፈረሱ ያርስ፣ ጋሪ ይጎትት፣ ለጦር ሠራዊትም ያገለግል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትራክተር ሥራውን ሲረከበው አርቢዎቹ ምርጫቸውን ወደ ስፖርት አዞሩ። እንግዲህ እኛ በቴሌቪዥን የምናየው ከ200 ዓመት በላይ የተካሄደ ምርጫ ውጤት ነው።

አሁን ወደ መኖው እንምጣ፤ ነገሩ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። የአውሮፓው ፈረስ ቁመቱ ከ160 እስከ 170 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱም ከ500 እስከ 600 ኪሎ ይደርሳል። የእኛ ደጋ ፈረስ በአብዛኛው ከ135 ሳንቲሜትር አይበልጥም፤ ክብደቱም 220 ኪሎ ገደማ ነው። ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። የእኛው 4 ኪሎ ተኩል ሲበቃው ባለ 600 ኪሎው 12 ኪሎ ያሻዋል። በዓመት ሲሰላ የእኛው 16 ኩንታል፣ የውጭው 44 ኩንታል ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ያውም የገብስ ገለባ ብቻ አይበቃውም፤ ጥሩ ድርቆሽና እህል ይጠይቃል። በልግ በቀረበት ዓመት በመንዝ ገለባ ለበሬውም እንደማይዳረስ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልገንም።

አንዳንድ አርሶ አደሮች የሚፈሩት፣ ትንሿ ባዝራ ከትልቅ ድንጉላ ብታረግዝ ውርንጭላው ማኅፀን ውስጥ ገዝፎ ይገድላታል በማለት ነው። ይህ ተጠንቷል። በእንግሊዝ አገር ዋልተንና ሃመንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እጅግ ግዙፉን የሻየር ፈረስና ድንክዬውን የሼትላንድ ፈረስ በሰው ሠራሽ ዘዴ አዳቅለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1938 አሳትመዋል። ከድንኳ እናት የተወለደው ውርንጭላ ሲወለድ ትንሽ ነበር፤ የእናቲቱ ማኅፀን ዕድገቱን ይገታዋልና። ስለዚህ ዋናው ችግር ምጡ አይደለም። ችግሩ ከተወለደ በኋላ ይመጣል፤ ክልሱ ከእናቱ የበለጠ የምግብ ፍላጎት ይዞ ያድጋል፣ መኖ ሲያጣም ሥራው ይደክማል።

በሽታም አለ። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን ደቃቃ ደም መጣጭ ትንኝ ያስተላልፈዋል፤ በደጋው ቀዝቃዛ ቦታ ያነሰ ቢሆንም በክረምት ማብቂያ ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሸለቆ የሚወርድ ፈረስ ይጋለጣል። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ይመረታል። የመርሐ ቤቴ ማኅበራት ፈረሶቻቸውን ቆላ ከማውረዳቸው በፊት ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋር ቢመካከሩ መልካም ነው። በሽታው በሌለበት አገር ያደገ ፈረስ ሳይከተብ ቢመጣ ግን ዕድሜው አጭር እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

እንግዲያስ ፈረሳችን መሻሻል አይችልም ማለታችን ነውን? አይደለም። ነገሥታት በፈረሳቸው ስም «አባ ዲና» እና «አባ ዳኘው» እየተባሉ በተጠሩበት በዚህ በሸዋ ምድር፣ ጥሩ ፈረስ የሚለይ ዓይን አልጠፋም። የጎደለው ሥርዓት ነው። በየገበያው እንደታዘብነው ቁመናው ያማረው ወንድ ውርንጭላ ገና በለጋነቱ ይኮላሽና ሠንጋ ሆኖ ለጉግስና ለመንገድ ይሸጣል፤ ሳይኮላሽ ቀርቶ ባዝራዎችን የሚያጠቃው ገዢ ያጣው ነው። እንዲሁም በቅሎ ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ምርጥ ባዝራዎች ለአህያ ይሰጣሉ። በቅሎ ደግሞ አይወልድም፤ የባዝራይቱ ዘር እዚያው ያበቃል። ገበሬው በቅሎ ማርባቱን ይተው አንልም፤ ከመተዳደሪያው ጋር መጣላት ይሆንብናልና። ባዝራይቱ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ለድንጉላ ከወለደች በኋላ ለአህያ ትሰጥ የሚለው ግን ሊያስማማ ይችላል።

መንገዱ በበግ ተሞክሯል። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ ገበሬዎች በኅብረት ሆነው፣ ከተመራማሪዎች ጋር በመመካከር፣ ምርጥ አውራ በጎችን ከየመንጋቸው መርጠው በጋራ ሲጠቀሙ ቆይተዋል። የውጭ ዘር አላስፈለጋቸውም። ማኅበር በፈረስም ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል። ወንዶቹ ውርንጭሎች ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው በአንድ ቀን ተሰብስበው ይታዩ፤ የእግራቸው አቋቋም፣ የኮቴያቸው ጥንካሬ፣ የጀርባቸው ቅንነትና ጠባያቸው ይመርመር። የተመረጠው እንዳይኮላሽ ማኅበሩ ለባለቤቱ ካሣ ይክፈል፤ ያለዚያ ባለቤቱ ገበያውን ይመርጣል፣ አይፈረድበትምም። ለአንድ ጎልማሳ ድንጉላ 20 ባዝራ አይበዛበትም።

ባዝራ 11 ወር ትሸከማለች። በጥቅምት የተጠቃች በመስከረም፣ ሣሩ በደረሰበት ጊዜ ትወልዳለች፤ ወተቷም ይበረክታል። ካልያዘች በየ21 ቀኑ ገደማ ስለምትመለስ ባለቤቷ ቀኑን ይመዝግብ። ሴት ልጆቹ ለእርባታ ሲደርሱ ከአባታቸው ጋር እንዳይገናኙ ድንጉላው በየሦስት ዓመቱ ከጎረቤት ማኅበር ድንጉላ ጋር ይለዋወጥ፤ የመንዝ ማማው ወደ ግሼ፣ የግሼው ወደ መንዝ ጌራ ሊሄድ ይችላል። በልውውጡ ጊዜ ዕድሜን በቃል ከመቀበል ጥርስ ማየት ይሻላል፤ የፊት መካከለኞቹ ሁለት የወተት ጥርሶች በሁለት ዓመት ተኩል፣ ቀጥለው ያሉት በሦስት ተኩል፣ የዳሮቹ በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ይለወጣሉ።