ቆላ ወርደሽ አይብ ለምትሠሪ ልጄ

ልጄ፣ ከጭልጋ ወደ መተማ ወርደሽ ላም መያዝሽን፣ ወተቱም እየተበላሸ ማስቸገሩን ሰማሁ። ከእናትሽ የተማርሽው የደጋ አሠራር ነው። መልካም ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ቆላ ላይ ብቻውን አያዋጣሽም። ደጋ ላይ ወተት እስኪረጋ ሁለት ሦስት ቀን ይጠበቃል። እዚህ ጠዋት ያለብሽው ቢዘገይ በማግስቱ እርጎ ነው። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ቅቤውም ዘይት ሆኖ ይፈሳል። ቆላ ለሠራተኛ ጊዜ አይሰጥም። የማደርስሽ ምክር ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

1. ከጥጃው አትሻሚ። እንገሩ የእሱ ነው፤ በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል የሚያገኘው ከዚያ ነው። ከዚያም በኋላ አንድ ጡት ተይለት። በቆላው ዝንብና መዥገር መሀል የከሳ ጥጃ አይዘልቅም፤ ጥጃው ከሞተ ደግሞ ላሚቱ አላልብም ልትልሽ ትችላለች።

2. ቢጫውን ጀሪካን ለወተት አትጠቀሚበት። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፤ ጥጉ ላይ የቀረው ወተት በዚህ ሙቀት አድሮ የነገውን ያበላሻል። አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ ግዢ። ቅልሽንና እንስራሽን በፈላ ውሃ አጥበሽ ፀሐይ ላይ አድርቂ፤ ከዚያ በወይራ አጥኚያቸው። ጭሱ ለጣዕም ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ እርጎን የሚያበላሹ ተሕዋስያንንም ያዳክማል። ቆላው ወይራ ባይኖረው ከደጋ የሚወርድ ሰው እንዲያመጣልሽ አድርጊ። ባገኘሽው እንጨት አታጥኚ፤ መራራ ጭስ እስከ አይቡ ይከተልሻል።

3. የምትንጪው ጎህ ሳይቀድ ይሁን። በዚህ ነገር አልለዝብልሽም። ቅቤ የሚወጣው በወተቱ ውስጥ ያለው ስብ ጠንከር ብሎ እርስ በርሱ ሲጣበቅ ነው። ለዚህ የሚመቸው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ብዙም ያልራቀ ነው። እኩለ ቀን ላይ ብትንጪ ስቡ ቀልጦ ከአሬራው ጋር ይቀራል፤ የምታገኚውም ጥቂት፣ ልፍስፍስ፣ አሬራ ያዘለ ቅቤ ነው። ብዙዎች ላሟን ይረግማሉ፤ ጥፋቱ ግን የሰዓቱ ነው።

እርጎውን ማታውኑ እንስራ ውስጥ ጨምሪና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አሳድሪው። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ጨርቁ ሲደርቅ እንስራውን ያበርደዋል። ክረምት ላይ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሚሆን ይህ ዘዴ ብዙ አይረዳም፤ ያኔ ያለሽ ንጋቱ ብቻ ነው። ዕቃውን ከግማሽ አታሳልፊ፣ እርጎው መናወጫ ቦታ ይፈልጋል።

ስትንጪ ጆሮሽን ስጪው። መጀመሪያ ድምፁ የታፈነና ከባድ ነው። ከዚያ በአንድ ጊዜ ይቀልና ውሃ ሲጋጭ እንደሚሰማው መንቦጫረቅ ይጀምራል፤ ውስጡም የሚመታ ነገር ያለ ይመስልሻል። ክዳኑን ስትከፍቺ በአፉ ዙሪያ የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ ቅንጣቶች ታያለሽ። እዚያው አቁሚ። ቅንጣቱ ተሰብስቦ ትልቅ ድቡልቡል እስኪሆን ከናጥሽ አሬራውን ውስጡ ይዞ ይቀራል፣ ቅቤውም ፈጥኖ ይበላሻል። ቅቤውን በቀዝቃዛ ውሃ እያገላበጥሽ እጠቢው፤ ውሃው እስኪጠራ አትተይው።

4. አሬራው የቅቤ ትርፍራፊ አይደለም። አንዳንድ ሰው ቅቤውን ለገበያ ያወጣና አሬራውን ለውሻ ያፈሳል፣ አይብም ከሠራ እንደ ነገሩ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ከ8 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ያህል አይብ ይገኛል። በተመረመረ አይብ ውስጥ ከመቶው 79 ያህሉ ውሃ ቢሆንም 15 የሚጠጋው ፕሮቲን ነው፤ ስቡ 2 እንኳ አይሞላም። ሥጋ በየቀኑ ለማይቆረስበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሲሞቅ ግን እሳቱን ተቆጣጠሪ። አሬራው ከ40 እስከ 70 ዲግሪ በሚሞቅበት መሀል የአይቡ መጠን ብዙ ልዩነት የለውም፤ 80 ሲደርስ የመቃጠል ጣዕም ይይዛል። ቆላ ላይ ያለሽ አንቺ ወደ 70ው ተጠጊ፤ የበለጠ የሞቀው ብዙ ተሕዋስያን ይሞቱበታል። ቴርሞሜትር ከሌለሽ ምልክቱ ይህ ነው፤ ጠርዙ መጨስ ይጀምራል፣ ጣት አያስገባም፣ ግን አይፈላም። አታማስዪው፤ ቀስ ብለሽ አንዴ ሁለቴ ብቻ አንቀሳቅሺው። አጓቱ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ሲጠራ አውርደሽ አቀዝቅዢው፣ ከዚያ በተቀቀለ ነጭ ጨርቅ አጥልዪው። የቸኮለ ሰው ጨርቁን ይጨምቃል፤ አንቺ ሰቅለሽ ተይው። የተጨመቀ አይብ ደረቅና አሸዋማ ይሆናል። አጓቱን አትድፊው፤ ለጥጃም ለዶሮም ይሆናል።

5. ጨው ከጎረቤት ተማሪ። ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ጀምሮ ሱዳኖች ጅብና የሚሉት ነጭ አይብ አላቸው፤ በነጭ አባይ ዳር ያለችው ዱዌም በእሱ የታወቀች ናት። የእነሱ ከእኛ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሚረጋው በመኮምጠጥ ሳይሆን ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ማርጊያ ነው፤ ዛሬ የሚሸጥም አለ። ሁለተኛ፣ ጨዉ ማርጊያው ከመግባቱ በፊት ወተቱ ላይ ይጨመራል፣ ብዛቱም ከወተቱ ክብደት ከመቶ እስከ 10 እጅ ይደርሳል። ከዚያም አይቡ በራሱ ጨዋማ አጓት ተሞልቶ በቆርቆሮ ይታሸጋል፤ በዚያ ሙቀት ወራት ይቆያል። ሲበላ በውሃ ዘፍዝፎ ጨዉን መቀነስ ይቻላል።

የእኛ አይብ በዚህ አገር ከሁለት ቀን በላይ መቆየት ይቸግረዋል። ስለዚህ አይብሽን እየሠራሽ ጅብናውንም ልመጂ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳኑ ጦርነት ብዙ ሰው በመተማ በኩል አሳድዶ አስገብቷል፤ ከእነሱ መሀል ከልጅነታቸው ጅብና ሲሠሩ ያደጉ ሴቶች ይኖራሉ። ፈልጊያቸው፣ ቡና አፍዪላቸው፣ ጠይቂያቸው። ቤታቸውን ጥለው ለመጡ ሰዎች እጃቸው የሚያውቀው ሥራ ሲጠየቅ ክብር ነው፤ አብረሽ ብትሠሪም ለሁላችሁም እንጀራ ይወጣዋል።

6. ከብት ይዘው የሚወርዱትን አትናቂ። ክረምት ሲገባ የደጋው ማሳ በሰብል ስለሚያዝ ከጭልጋ፣ ከደምቢያና ከአለፋ ከብቱ ወደ መተማና ቋራ ቆላ ይወርዳል፤ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ለግጦሽ ሲለቀቅ ይመለሳል። በዚያ ወቅት ጫካ ውስጥ ብዙ ወተት አለ፣ ገበያ ግን የለም። መንገዱ ጭቃ ነው፣ እረኞቹም ወንዶች ብቻቸውን ናቸው። ወተት ያን መንገድ አይችልም፤ ቅቤ ይችላል። እንስራና ጨርቅ ላኪላቸው፣ ማጠኛውንና ሰዓቱን አሳዪያቸው፣ የሚያወጡትን ቅቤ በተገቢ ዋጋ ግዢያቸው። በርካሽ ከገዛሻቸው በሚቀጥለው ዓመት አታገኚያቸውም።

7. የተወጋች ላም ወተት ከዕቃሽ አይግባ። ለገንዲም ሆነ ለሌላ በሽታ መድኃኒት ሲሰጣት ስንት ቀን ወተቷ እንደማይጠጣ ሐኪሙን ጠይቂ፣ ከጠርሙሱም ላይ አስነብቢ። ጸረ ተሕዋስያን ያለበት ወተት አይረጋም፤ እርጎው እንቢ ሲልሽ መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሪ። ላም በየጊዜው የምታስወርድ ከሆነ ደግሞ ውርጃ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ወተቷን ሳታፈዪ ማንም አይቅመሰው። በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ትኩሳቱም ከወባ ጋር ስለሚመሳሰል ቆላ ላይ ብዙ ሰው በከንቱ የወባ መድኃኒት ይውጣል። ለሕፃን የምትሰጪውን ወተት ሁልጊዜ አፍዪ።

8. ጾሙን በሒሳብሽ ውስጥ አስገቢ። የሁዳዴ 55 ቀን ከቆላው ኃይለኛ ሙቀት ጋር ይገጥማል፤ ገዢ በማይኖርበት ሰዓት ወተት ይሞላሻል። ያኔ አይብ ሠርተሽ አትክሰሪ። ቅቤውን ወዲያው በኮረሪማና በኮሰረት አንጥሪው፤ ውሃው በደንብ ከወጣለት ፋሲካ ድረስ ይቆይልሻል፣ በፋሲካም ሳምንት ዋጋው ይነሣል። ክብደት እንዲያነሣ የአትክልት ዘይት የሚቀላቅሉ አሉ። አንቺ እዚያ ውስጥ አትግቢ፤ የጎንደር ሴት ቅቤን በመዳፏ አሽታ፣ በጠረኑ ታውቃለች፣ ያታለልሻትም አንዴ ነው።

9. ለመነሻ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሳምንታት አይቡን ለቤትሽ ብቻ ሥሪ። ስንት ሊትር እንደገባ፣ ስንት ሰዓት እንደናጥሽ፣ ምን ያህል እንደወጣ፣ በስንተኛው ቀን እንደኮመጠጠ በደብተር ጻፊ። መጋቢት ላይ የጻፍሽው ከነሐሴው ጋር አይመሳሰልም፣ ልዩነቱንም የሚነግርሽ ደብተርሽ ነው። ቤተሰብሽ ሳያመው፣ ጣዕሙም ሳይለዋወጥ ሲቀጥል ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ ገበያ አውጪው። ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ሸጠሽ ጨርሺ፤ ፀሐይ ላይ የዋለውን አይብ ግን ለማንም አትሽጪ።