አፍንጫን መመዘን፦ የሁለገብ አዳኝ ውሾች የመስክ ፈተና እንዴት ይዘጋጃል?

የፊዚክስ ተማሪ ስለ ልኬት መማር ሲጀምር በመጀመሪያ የሚተዋወቃቸው መሣሪያዎች ማስመሪያ፣ ሚዛንና ሰዓት ናቸው። በእነዚህ መሣሪያዎች የሚለካው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ብሎ ይለካል፤ አይሮጥም፣ አይደክምም፣ ነፋስ አቅጣጫውን ሲለውጥም አይደናገርም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ተለኪ ግን ይህን ሁሉ ያደርጋል። ይኸውም አዳኝ ውሻ ነው። አንባብያን ፊዚክስንና ውሻን ምን አገናኛቸው ብለው ቢጠይቁ አንፈርድባቸውም፤ ነገር ግን የልኬት ችግሮች ሁሉ፣ ማለትም የሁኔታዎች መለዋወጥ፣ የመዛኙ አድልዎና ከአንድ ሙከራ ብቻ ፍርድ የመስጠት አደጋ፣ በአንድ ሜዳ ላይ ተሰብስበው የሚገኙበት እንዲህ ያለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ለመሆኑ ሁለገብ አዳኝ ውሻ ምንድን ነው? በአውሮፓ አዳኝ ውሾች ለብዙ ዘመናት በየሙያቸው ተከፋፍለው ሲረቡ ኖረዋል። አንዱ ዝርያ ወፍን በሽታ አግኝቶ ቀጥ ብሎ በመቆም ያለችበትን ቦታ ያመለክታል፤ ሌላው የወደቀውን ግዳይ ያመጣል፤ ሌላው ደግሞ የቆሰለውን አውሬ ዱካ ይከተላል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተለይ በጀርመን አገር እነዚህን ሁሉ ሥራዎች በሜዳ፣ በጫካና በውኃ የሚያከናውን አንድ ውሻ የማርባት ሐሳብ ተስፋፋ። የጀርመን የአዳኝ ውሾች ማኅበራት ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1899 ተመሠረተ። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ የሰሜን አሜሪካ የሁለገብ አዳኝ ውሾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1969 በካናዳ ተቋቁሞ በየአካባቢው ባሉ ክበቦች አማካይነት ፈተና ማካሄድ ጀመረ። ከመሥራቾቹ አንዱ ቦዶ ዊንተርሄልት ሲሆኑ፣ እርሳቸውና የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ የነበሩት ኤድዋርድ ቤይሊ ስለ እነዚህ ውሾች ሥልጠና አብረው መጽሐፍ ጽፈዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ በዋናነት የምንከተለው የሰሜን አሜሪካውን ሥርዓት ነው።

ከሥልጠና በፊት ያለውን መለካት

የማኅበሩ የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና የተፈጥሮ ችሎታ ፈተና ይባላል። ዓላማው ውሻው የተማረውን ሳይሆን ይዞ የተወለደውን ማየት ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ጎበዝ አሠልጣኝ ደካማ አፍንጫ ያለውን ውሻ በልምምድ ብዛት ጥሩ ሊያስመስለው ይችላል፤ ለልጆቹ የሚያወርሰው ግን ሥልጠናውን ሳይሆን ያንኑ ደካማ አፍንጫ ነው። ባለቤቱን ብንጠይቅ ደግሞ የራሱን ውሻ የማያመሰግን ባለቤት አይገኝም። ስለዚህ ለርቢ የሚመረጡት ውሾች እነማን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ ከባለቤቱ ቃል ውጭ ሌላ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ማስረጃው የተሳሳተ እንደሆነ ስሕተቱ በአንድ ውሻ ላይ አይቆምም፤ በትውልድ ላይ ትውልድ ይወርሰዋል።

በዚህም ምክንያት በዚህ ፈተና ሽልማት ሊሰጠው የሚችለው ዕድሜው ከ16 ወር ያላለፈ ውሻ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሆነው ቢፈተንም የሚያገኘው ግምገማ እንጂ ሽልማት አይደለም። እንግዲህ አንድ ክበብ ሜዳ አጥቶ ወይም ዳኛ ጎድሎበት የዓመቱን ፈተና ቢሰርዝ፣ በዚያ አካባቢ የሚገኝ የ15 ወር ውሻ ዕድሉ በዚያው ሊያመልጠው ይችላል። የዝግጅቱ ሥራ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

የክበቡ ሥራ

ክበቡ አስቀድሞ ቀኑን ቆርጦ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጥያቄ ያቀርባል፤ ሦስት ዳኞችም ይመደባሉ። ዳኞቹ ለዳኝነታቸው ደመወዝ አይቀበሉም። ሜዳው ውሻ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በነፃ ሊያስስበት የሚችል ሰፊ፣ ወፍ የምትደበቅበት ሣር ያለው መሆን አለበት። በአቅራቢያው ውሻው እግሩ መሬት ሳይነካ የሚዋኝበት ውኃ መገኘት ይኖርበታል። የባለ መሬቱ ፈቃድ፣ የወፎቹ ግዢ፣ የምዝገባው ክፍያ፣ የዳኞቹ ማረፊያና ምሳ፣ ይህን ሁሉ የሚሸከሙት በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ አባላት ናቸው። በትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ዐውደ ርእይ አዘጋጅቶ የሚያውቅ ተማሪ ሁኔታውን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ሥራውን የሚሠሩት ሁልጊዜም እነዚያው አራት አምስት ሰዎች ናቸው።

ከሥራዎቹ ሁሉ በቀላል የሚታየውና እጅግ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ወፍ ማስቀመጥ ነው። ወፎቹ ለምሳሌ በእርባታ ያደገች የቆቅ ዘመድ የሆነችው ቹካር ወይም ፊዛንት ሊሆኑ ይችላሉ። አስቀማጩ ወፏን ይዞ በሣሩ ውስጥ ሲራመድ ከኋላው የራሱን የእግር ሽታ ይተዋል። ብልህ ቡችላ ደግሞ ይህን ሽታ ተከትሎ ወፏ ዘንድ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ የተለካው የወፍ ሽታን የማግኘት ችሎታ ሳይሆን የሰው ዱካን የመከተል ችሎታ ነው። በቤተ ሙከራ ቋንቋ የመለኪያው መሣሪያ ራሱ የሚለካውን ነገር በከለው ማለት ነው። ስለሆነም አስቀማጩ የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ ውሻው ከሚመጣበት አቅጣጫ የተለየ እንዲሆን፣ ነፋሱም ከየት እንደሚነፍስ አስቀድሞ እንዲታወቅ ያስፈልጋል።

ሽታ በምን ይጓዛል?

ወደ ፊዚክሱ እንግባ። ወፍ ከውሻ 10 ሜትር ርቃ ሣር ውስጥ ተደብቃለች እንበል። ከላባዋና ከትንፋሿ የሚወጡት ሞለኪውሎች ወደ ውሻው አፍንጫ እንዴት ይደርሳሉ? ብዙ ተማሪዎች «በዲፊውዥን» ብለው ይመልሳሉ። እስቲ እናስላ። አንድ ሞለኪውል በዲፊውዥን ርቀት ር ለመጓዝ የሚፈጅበት ጊዜ በግምት የር ካሬ ለሁለት እጥፍ የዲፊውዥን መጠን ሲካፈል ነው። በአየር ውስጥ ለብዙ የሽታ ሞለኪውሎች ይህ መጠን በሰከንድ ከአንድ ካሬ ሜትር መቶ ሺህኛ ያህል ነው። 10 ሜትር በ10 ሜትር 100 ይሆናል፤ ይህን ለሁለት መቶ ሺህኛ ስናካፍል 5 ሚሊዮን ሰከንድ እናገኛለን። ይህም 58 ቀን ያህል ነው። ፈተናው ግን 20 ደቂቃ ነው።

ሽታውን የሚያጓጉዘው እንግዲህ ነፋስ ነው። በሰከንድ 2 ሜትር የሚነፍስ ቀላል ነፋስ ያንኑ 10 ሜትር በ5 ሰከንድ ያቋርጠዋል፤ ከዲፊውዥን አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይፈጥናል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ነፋስ ሽታን እንደ ወንዝ በአንድ መስመር አያፈስሰውም። በሣርና በቁጥቋጦ መካከል ሲያልፍ ይሽከረከራል፣ ይቆራረጣል። በዚህም የተነሣ ከወፏ በታች ነፋስ ያለው ሽታ ከጭስ ማውጫ እንደሚወጣ ጭስ የተበጣጠሰ ነው፤ አንድ ክር እዚህ፣ አንድ ክር እዚያ፣ በመካከሉም ምንም ሽታ የሌለው ንጹሕ አየር። ጥሩ ውሻ ነፋሱን አቋርጦ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየተመላለሰ የሚያስሰው ለዚህ ነው። በነፋሱ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ቢሮጥ ኖሮ ከወፏ አጠገብ አልፎ ሳያውቅ ይሄድ ነበር።

የሽታው ጅረት በዚያ ቦታ 2 ሜትር ያህል ስፋት አለው፣ ውሻው በሰከንድ 5 ሜትር ይሮጣል፣ በሰከንድም አምስት ጊዜ ያነፈንፋል ብለን እንገምት። ጅረቱን ለማቋረጥ 0.4 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ የሚያነፈንፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ንጹሕ አየር ላይ ሊያርፍ ይችላል። በአንዲት ማነፍነፍ ብቻ አንገቱን ጠምዝዞ ተመልሶ የሚቆም ቡችላ ሲታይ ዳኞቹ ለአፍንጫው ከፍተኛ ነጥብ የሚሰጡት እንዲያው በአድናቆት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የውሻን አፍንጫ የውስጥ ቅርጽ በኮምፒዩተር ሠርተው የአየሩን ፍሰት ሲያጠኑ፣ ወደ ውስጥ ከሚገባው አየር ጥቂቱ ክፍል ብቻ በአፍንጫው ላይኛ መተላለፊያ አልፎ ወደ ማሽተቻው አካባቢ እንደሚሄድና በዚያ ቀስ ብሎ እንደሚቆይ አሳይተዋል። በሰው አፍንጫ እንዲህ ያለ የተለየ የማሽተቻ ክፍል የለም።

አሁን ሰዓቱን እናስገባ። በማለዳ ጤዛ ሳይነሣ አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ ሽታው ከመሬት ብዙ ሳይርቅ ይቆያል። ፀሐይ ሲበረታ መሬቱ ይሞቃል፣ አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፣ ሽታውንም ይዞት ይሄዳል። ውሻውም በሙቀት ምክንያት ምላሱን አውጥቶ ማለክለክ ይጀምራል፤ እያለከለከ በሚገባ ማነፍነፍ ደግሞ አይሆንለትም። ስለዚህ በ1 ሰዓት ጠዋት የተፈተነውና በ6 ሰዓት ቀትር የተፈተነው ውሻ በስም እንጂ በተግባር አንድ ፈተና አልወሰዱም። ክበቡ ይህን ሥርዓታዊ ስሕተት ማጥፋት አይችልም። የሚችለው ተራውን በዕጣ ማውጣት ነው፤ ዕጣው ስሕተቱን ባያስወግድም ለማንም ወገን እንዳያደላ ያደርገዋል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው የዳኞቹ ድርሻ ሲሆን፣ ያየሩትን ከቀኑ ሁኔታ ጋር ማገናዘብ ይጠበቅባቸዋል።

ነጥቡ እንዴት ይሰጣል?

በተፈጥሮ ችሎታ ፈተና ሰባት ዘርፎች ከ0 እስከ 4 ይመዘናሉ። እያንዳንዱ ነጥብ እንደ ዘርፉ ክብደት በተወሰነ ቁጥር ይባዛል፦ አፍንጫ በ6፣ አሰሳ በ5፣ ውኃ በ5፣ ማመልከት በ4፣ ለሥራ ያለው ፍላጎት በ4፣ ዱካ መከተል በ2፣ ከባለቤቱ ጋር መተባበር በ2። የማባዣዎቹ ድምር 28 ስለሆነ ከፍተኛው ውጤት 112 ነው። ውሾቹ እርስ በርሳቸው አይወዳደሩም፤ እያንዳንዱ የሚነጻጸረው ከተቀመጠው መስፈርት ጋር ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ሁሉም አንደኛ ሽልማት ሊያገኙ፣ ሁሉም ባዶ እጃቸውን ሊመለሱም ይችላሉ። ይህን አሠራር እኛ እንወደዋለን። በደካሞች መካከል አንደኛ መውጣት ስለ አፍንጫ ምንም አይነግረንምና።

ከዚህም የሚበልጥ ብልኃት አለ። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሽልማት የሚወሰነው በድምሩ ብቻ ሳይሆን በየዘርፉ በተቀመጠ ዝቅተኛ ወሰን ጭምር ነው። አንድ ውሻ በስድስቱ ዘርፎች 4 አግኝቶ በውኃ 1 ብቻ ቢያገኝ ድምሩ 97 ይሆናል፤ ከሙሉው 87 ከመቶ ያህል ነው። ሆኖም ውኃ የሚፈራ ሁለገብ ውሻ የለምና አንደኛ ሽልማት አይሰጠውም። አማካይ ውጤት ጉድለትን የመሸፈን ጠባይ አለው፤ ወሰኑ ሽፋኑን ይገልጠዋል።

ሦስቱ ዳኞች ነጥቡን የሚሰጡት ተመካክረው በመስማማት ነው። የስታትስቲክስ ተማሪ እዚህ ላይ ቢቃወም እውነት አለው። ሦስት ሰዎች ሳይነጋገሩ ቢለኩና አማካዩ ቢወሰድ የዘፈቀደው ስሕተት በሦስት ካሬ ሥር፣ ማለትም በ1.7 ያህል ይቀንስ ነበር፤ ሲመካከሩ ግን ድምፁ የሚጎላው ዳኛ ሌሎቹን ሊጎትት ይችላል። በሌላ በኩል ሦስቱ የሚቆሙት በተለያየ ቦታ ነው። አንዱ ውሻው ሲዞር ያያል፣ ሌላው ወፏ ስትነሣ፣ ሦስተኛው ባለቤቱ በምልክት ሲረዳው። ሦስት ሰዎች አንድን ነገር ሦስት ጊዜ አልለኩም፤ የአንድን ነገር ሦስት ገጽ አዩ እንጂ። በእኛ አስተያየት መመካከሩ ተገቢ ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ዳኛ ከምክክሩ በፊት ነጥቡን በራሱ ወረቀት ቢጽፍ ሁለቱም ጥቅም ይገኝ ነበር።

የቀረው ችግር አንድ ቀን አንድ ቀን መሆኑ ነው። የውጤት ወረቀቱ 104 ሲል የስሕተቱን ልክ አይጽፍም። አርቢዎች ስለዚህ የአንዱን ውሻ ነጥብ ብቻ ሳይሆን የወንድሞቹንና የእኅቶቹንም ይመለከታሉ። ስምንት ቡችሎች ቢፈተኑ የአማካዩ ስሕተት በስምንት ካሬ ሥር፣ ማለትም በ2.8 ያህል ያንሳል፤ ይህ ግን ስሕተቶቹ እርስ በርሳቸው የማይያያዙ ከሆነ ነው። ስምንቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ክፉ ነፋስ ቢፈተኑ ነፋሱ ሁሉንም በአንድነት ያዋርዳቸዋል፤ የቁጥራቸው ብዛትም አይረዳም። ቡችሎቹ በተለያዩ ክበቦችና በተለያዩ ቀኖች ቢፈተኑ ይሻላል፤ ለአርቢው ድካም ቢሆንም።

ለአንባብያን አንድ ስሌት እንተው። ሁለት ውሾች 100፣ 100 ነጥብ አግኝተዋል፤ ከእያንዳንዳቸው 12 ነጥብ ጎድሏል ማለት ነው። አንደኛው በአፍንጫ 2 ብቻ አግኝቶ በሌሎቹ ሁሉ 4 አለው። ሌላው በአፍንጫ ሙሉ ነጥብ ካገኘ፣ 12ቱ ከቀሩት ስድስት ዘርፎች በስንት ዓይነት መንገድ ሊጎድሉ ይችላሉ? አንድም ዘርፍ ከ0 በታች እንደማይወርድ ልብ ይሏል።