ወጣት ወንዶችና የአእምሮ ጤና እርዳታ፦ ከቡታጅራ ጥናቶች ወደ ጎበሳ

እንደሚታወቀው በአገራችን የአእምሮ ሕመም ሲነሣ መጀመሪያ በሐሳባችን የሚመጣው መንገድ ላይ ብቻውን እያወራ የሚሄድ፣ ልብሱን የጣለ ሰው ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ማንሣት የፈለግኩት ሌላኛውን ነው። ሥራውን ይሠራል፣ ከሰው ጋር ይስቃል፣ ሌሊት ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ይህ ወጣት ለምን እርዳታ አይጠይቅም?

ያደግኩት በአርሲ ደጋ፣ ሽርካ ወረዳ፣ ጎበሳ ነው። በጉዳዩ ላይ በአገራችን ብዙ የተጠናበት ቦታ ቡታጅራ ስለሆነ ማስረጃዬን የምወስደው ከዚያ ነው። ገጠርነቱም ሆነ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ መኖሩ ከእኛ ሁኔታ ብዙ አይርቅም።

ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው 321 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ተገኝተዋል። ከነዚህ 83 በመቶው ወንዶች ነበሩ። የወንዶቹ ሕመም የጀመረበት አማካይ ዕድሜ 23.8 ነው፤ ማለትም የእኛው ዕድሜ። ከሕሙማኑ ቀደም ሲል ለሕመሙ የሚሰጠውን ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። (የወንዶቹ ቁጥር እንዲህ መብዛቱ በእውነት ወንዶች ይበልጥ ስለሚታመሙ ነው ወይስ የታመሙ ሴቶች ቤት ውስጥ ስለሚደበቁ? ይህ ለብቻው ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ለእኔ ጥያቄ የበለጠ የሚጠቅመው ግን አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ጽሑፍ ነው። የቡታጅራ አካባቢ ታዋቂ ሰዎች የአእምሮ ሕመም ምልክቱ ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ ብዙ ማውራትን፣ ጠበኝነትንና እንግዳ የሆነ ጠባይን አስቀደሙ። ስኪዞፍሬኒያን ከሁሉ የከፋ ችግር አሉት። ለአካል በሽታ ሐኪም ቤትን ሲመርጡ፣ ለአእምሮ ሕመም ምልክቶች ግን ባህላዊውን መንገድ መረጡ።

እስቲ ይህን ከወጣቱ ወገን ሆነን እናንብበው። በሽታ ማለት መጮህና መማታት ከሆነ ዝም ያለ ልጅ አልታመመም ማለት ነው። እንዲያውም ይመሰገናል። «ጨዋ ነው፣ ወሬ አያበዛም» ይባላል። ሲሰብርና ሲማታ ደግሞ እርዳታ የሚፈልግለት እሱ ራሱ አይደለም፤ አባትና አጎት ተሰብስበው፣ አንዳንዴም እጁን አስረው ይወስዱታል። ስለዚህ የሰፈር ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያየው እርዳታ በግድ መወሰድ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር «ልጠይቅ» ብሎ በእግሩ የሚሄድ ማን አለ? እኔ «ወንዶች ኩሩ ስለሆኑ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ አያረካኝም። ኩራት አለ፣ አይካድም። ግን ፍርሃቱም ምክንያት ያለው ፍርሃት ነው።

ቋንቋውም አያግዝም። በአማርኛ «ደብሮኛል» ያለ ሰው ሥራ ፈትቶ ሊሆን ይችላል፣ መኖር አስጠልቶትም ሊሆን ይችላል። በእኛ አካባቢ በኦሮምኛ «ና ሙካኤ» ሲባልም ያው ነው። ክረምት ላይ ጎበሳ ስገባ ከአብሮ አደጎቼ ይህን ቃል በቀን አሥር ጊዜ እሰማለሁ፤ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ና እንቃም!» ወይም «ና አንድ ሁለት እንበል!» ይህንን መናቅ አይገባም። ልጁ ተናግሯል፣ ጓደኛውም በሚያውቀው መንገድ ደርሶለታል። ችግሩ ጫቱም መጠጡም እንቅልፍ ያጣውን ሰው ይባስ እንቅልፍ መንሳታቸው ነው።

የወንድ ብርታትን ስናወራ የአርሲ ልጅ ሯጮችን አይረሳም። የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. ጥር 2005 እጮኛውን ዓለም ተጫኔን... አይደለም፣ ዓለም ተጫለን፣ አብረው ልምምድ ላይ ሳሉ በሞት ተነጠቀ። እሷ 18 ዓመቷ ነበር፣ እሱ 22። በመጋቢት ፈረንሳይ ላይ በዓለም አገር አቋራጭ አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ። እኛ ሰፈር የሚወራው ድሉ ነው። በመካከል ባሉት ሳምንታት በቤት ውስጥ ውድድሮች መሸነፉን የሚያነሣ ግን አልሰማሁም፤ ለአንድ ሐዘንተኛ ወጣት ደግሞ እነዚያ ሳምንታት ከድሉ ይልቅ የሚነግሩት ነገር ያለ ይመስለኛል።

ታዲያ የት ይኬዳል? ክርስቲያኑ ጠበል፣ ሙስሊሙ ዱዓ፤ ከሁለቱም ወገን ወደ ፈረቀሳ የሚሄድ አለ። በቡታጅራ የሕሙማን ቤተሰቦች ሲጠየቁ (ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቹ፣ እ.ኤ.አ. 2001) 65 በመቶው ጸሎትን መርጠዋል፤ 75 በመቶው በሕመሙ ምክንያት መገለል ተሰምቷቸዋል፣ 37 በመቶው ደግሞ መደበቅ ፈልገዋል። ጠበልና ዱዓ አንድ የማይናቅ ጥቅም አላቸው፦ የሄደውን ሰው ማንም «እብድ» አይለውም። ሐኪም ቤት ግን ለረጅም ዘመን ማለት አማኑኤል ማለት ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበረ ስሙ ራሱ ስድብ እስከመሆን ደርሷል። ዛሬ የአእምሮ ሕክምና አሰላ ሆስፒታልም ይሰጣል። ሆኖም የሰው ልብ ከሕክምናው ኋላ ቀርቷል።

ውድ አንባቢያን፣ በተግባር ልምምድ ጤና ጣቢያ የምንወጣ ተማሪዎች የምናየው ወጣት «ተጨንቄአለሁ» ብሎ አይመጣም። «ራሴን ያመኛል»፣ «ጨጓራዬ ነው»፣ «ልቤ ይመታል» ይላል። ማስታገሻ ወስዶ ይሄዳል። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ስለ አእምሮ ሳናነሣ ከእንቅልፍ እንጀምር። «ሌሊት ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ስትነቃስ ምን ታስባለህ?» ይህን የሚያፍርበት የለም። ሁለተኛውን ጥያቄ ሲመልስ አጠገቡ አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ካለ «ኧረ ምንም» ነው የሚለው፤ ስለዚህ ቤተሰቡን በትሕትና «እስቲ አንዴ ውጭ ይጠብቁን» ማለት ያስፈልጋል። መሞት አስቦ እንደሆነም በግልጽ መጠየቅ ይገባል። መጠየቁ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ «አዎ» ካለ ደግሞ ብቻውን ሳይተው ወዲያው ለኃላፊው ባለሙያ ማስረከብ ነው።