ከመርካቶ ክር የሚሠራ እጅጌ አልባ የሱፍ ሹራብ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 የተጠቀሰችው ጣቢታ ለመበለቶች ልብስ በእጅዋ ትሠራ ነበር። አረጋውያንንና የአብነት ተማሪዎችን ከብርድ ለመታደግ የምታስቡ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት አባቶቻችን፣ የተዘጋጀ ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት የአጥቢያችሁን እናቶች እጅ እንድትመለከቱ ይህ ትምህርት ቀርቧል።

እጅጌ አልባ ሹራብ ለጀማሪ ይስማማል፤ ክርም ይቆጥባል። ደረትንና ጀርባን እያሞቀ፣ በማኅሌት መቋሚያና ጸናጽል የሚይዘውን እጅ አያውክም።

ዋናው ፈተና ክሩ ነው። በመርካቶ «ሱፍ» እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ሱፍ አይደለም፤ ብዙው አክሪሊክ ነው። ቁራጭ ክር በእሳት ሲፈተን እውነተኛው ሱፍ እንደ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል፤ አክሪሊክ ግን ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል። (ፈተናው ከሱቁ ውጭ ይደረግ፤ በክር ክምር መካከል እሳት አይጫርም።) ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶም ሙቀት ይይዛል፤ የመንዝ ሰው ባናና በርኖስ ከበግ ጠጉር የሚሠራው በከንቱ አይደለም። ለአንድ አዋቂ ከ350 እስከ 400 ግራም ክር ይበቃል። የቀለም ቁጥሩ አንድ መሆኑ ታይቶ በአንድ ጊዜ ይገዛ።

ሥራው በናሙና ይጀምራል። በ10 ሳንቲ ሜትር ወርድ 20 ቀለበት፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ቁመት 28 ረድፍ ከወጣ፣ የደረት ዙሪያው 96 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 8 ሳንቲ ሜትር ለምቾት ይጨመራል። የ104 ግማሽ 52 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ለፊቱም ለጀርባውም 104 ቀለበት ይጣላል። የታችኛው 6 ሳንቲ ሜትር ሁለት ቀጥ ሁለት ግልብጥ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ረድፍ ቀጥ፣ አንዱ ግልብጥ እየሆነ እስከ 38 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። በብብቱ ላይ በየጎኑ 8 ቀለበት ይዘጋል፤ ቀጥሎም በየሁለት ረድፉ አንድ አንድ፣ በድምሩ 6 ይቀነሳል። የፊቱ ክፍል በዚያው ከፍታ ከመካከሉ ለሁለት ይከፈልና በአንገቱ በኩል በየአራት ረድፉ አንድ ቀለበት፣ 16 ጊዜ ይቀነሳል፤ ለየትከሻው 22 ይቀራል። የብብቱ ቁመት 24 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ትከሻው ይዘጋል፤ በጀርባው መካከል ያለው 32 ቀለበትም አብሮ ይዘጋል። ትከሻውና ጎኑ ከተሰፋ በኋላ አንገቱና ብብቱ በቀጥና ግልብጥ ይከፈፋል። እጥበቱ በለብታ ውኃ ይሁን፤ ሙቅ ውኃ ሱፍን ያኮማትራል።

በዋጋ ከልባሽ ጨርቅ ጋር መወዳደር አይቻልም። ይህን ሸሽጎ ሥልጠና መክፈት እናቶችን መበደል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ገዢ ሰበካ ጉባኤው ራሱ ይሁን፤ ስንት ሹራብ፣ ለማን፣ በምን ዋጋ እንደሚገዛ ሥልጠናው ሳይጀመር በቃለ ጉባኤ ይወስን። በመጀመሪያዎቹ ሹራቦች ላይ የፈጀው ሰዓት እየተመዘገበ ከክሩ ዋጋ ጋር ይታሰብ።